ለዳንጊሶ፣ ከመንገዱ በፊት

ነገ ባሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ሳትነሣ፣
ዛሬ ማታ ስማኝ፣ ኋላ እንዳትረሳ።
ቻርጀሩን ከግድግዳው አሁኑኑ ንቀለው፣
ከላፕቶፕህ ጋራ አንድ ኪስ ክተተው።
«ጠዋት እነቅላለሁ» ያለች ሴት አውቃለሁ፤
ብርቅነሽ ነው ስሟ፣ እኔው ነኝ፣ አምናለሁ።

ባትሪዬ አራት ከመቶ ዝዋይ ላይ ሲቀረኝ፣
ደንበኛው ደውሎ «ሲስተሙ ሞተ» አለኝ።
ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ሶኬት ለምኜ አጣሁ፣
በመጨረሻውም አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ።
ማሽኑ ተነቅሎ ላፕቶፔ ሲሰካ፣
ወንበሩ ላይ ኖሯል ደንበኛ ለካ፣
ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ የቀረ ሰው፤
ዳታቤዙ ተነሣ። ዓይኑን ግን አልረሳው።

ባጃጁንም ቅጠር ከማታው ደውለህ፣
በጨለማ መናኸሪያ እንዳትሮጥ ተሸክመህ።
መኪና ስትገባ የግራውን መስኮት ያዝ፣
ፀሐይ በቀኝ ወጥታ ስክሪን እንዳታፈዝ።
ከሰዓት ስትመለስም ያው ግራውን አጥብቅ፤
ሁለታችሁም ዞራችኋል፣ ፀሐይና አንተ፣ እወቅ።

ኔትወርኩን አትመን፣ የጥቅምት ደመና ነው፣
ሰነድህን ሁሉ ማታ በዋይፋይ አውርደው።
«መንገዱም ሥራ ነው» የሚልህን አትስማ።
ቡልቡላ ጋ መኪና ላይ የጻፍኩት ኮድ ነበረ፣
እስከ ዛሬ ይነጥራል፣ እንደተቸገረ።
በመስኮት ተመልከት። ግራሩን፣ አህያውን፣
ሐብሐብ ከምሮ ተኝቶ የሚሸጠውን።
ከዚያ ከመስኮቱ ነው፣ ሳታስበው በድንገት፣
ሦስት ቀን ያቃተህ ስህተት የሚገኘው፣ ምናልባት።

ስብሰባውን ለአራት ሰዓት ቀጥሮ የሚጠብቅህ፣
ቃሊቲን አያውቃትም፤ ለስምንት በል ደፍረህ።
አንድ ትርፍ ካልሲ ያዝ። አትሣቅ፣ ዳንጊሶ።
ዝናብ ሲመታህ ይገባሃል፣ ጫማህ ውስጥ ደርሶ።

ሥራን በተመለከተ፣ የማውቀው ጥቂት ነው፤
እሱንም ያስተማረኝ ኮምፒውተር ያልነካ ሰው።
አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ ልበላ ትናንት፣
ስልኬን አሥር ጊዜ ሳይ አንድ ሳህን ሳልጨርስለት፣
ሌዳሞ ሣቀብኝ መረቡን እየጠገነ፤
«እኔ ማታ ጥዬው ነው የምተኛው» አለኝ፣ እየተዝናና።
«መጣ ወይ፣ መጣ ወይ እያልኩ ብጎትተው፣
ውኃው ይደፈርሳል፣ ዓሣውም ይሸሻል ሰው።»
አጠገባችን አባ ኮዳ፣ ልክ እንደ ሥራ አስኪያጅ፣
እጁን ወደኋላ አጣምሮ አንጀት ይጠብቃል ከደጅ።

ከዚያ ወዲህ ኢሜይሌን እንደ መረብ አየዋለሁ፤
ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ፣ ሲመሽ አንዴ አወጣለሁ።
በመሃል የሚጮኸውን ድምፁን አጥፍቼ፣
ሦስት ሥራ እጽፋለሁ ወረቀት ላይ አውጥቼ።
በእስክሪብቶ ጻፍ አንተም። የሚሰረዝ ነገር፣
ሲሰረዝ ድምፅ ያሰማል፤ እሱ ነው ደስ የሚለኝ ነገር።
አራተኛ ሥራ ከመጣ፣ በሩ ላይ ይጠብቅ፤
ሰው እንኳ ተራ ይይዛል፣ ሥራ ምን ያስጨንቅ?

አሁን እውነቱን ልንገርህ፣ ነገ ስለምትሄድ።
ከፊቴ ያለው ወረቀት ዛሬም ሦስት መስመር አለው፦
የሰናይትን ኮድ ማየት፣
ደረሰኙን መላክ፣
እናቴ ጋ መደወል።
የተሰረዘው አንዱ ነው። እሱም ደረሰኙ።
ለአንተ ምክር ስጽፍ ፀሐይ ሐይቁ ውስጥ ገባች፣
የሰናይት ኮድ ይቆያል፤ እሷም እንደኔ ነች፣
ነገ ጠዋት «ረሳሁ» ብላት «እኔም» ትለኛለች።
እናቴ ግን በሦስት ሰዓት ትተኛለች።

ስለዚህ እዚህ ላይ ላብቃና ልደውል።

ቆይ። መብራት ጠፋ፣ ሰፈሩ ባንዴ ጨለመ፤
ከጎረቤት ቴሌቪዥን አንድ ዓረፍተ ነገር ቆመ።
የእኔ ፓወር ባንክ ሙሉ ነው።
ያንተስ?